ዲኤክሴን ዳገት ላይ ያስተካከልኩበት እሁድ

ደብረ ብርሃን ላይ መኪናችሁ ደከመ ብትሉ የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነው፤ «ከፍታው ነው»። ጋራዥም ብትሄዱ፣ ሻይ ቤትም ብታወሩ ይኸው ነው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ እያልኩ ኖርኩ። ወደ ጣርማበር ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ፣ ከኋላዬ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋብኝ፣ «ከፍታው ነው» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ውሸት አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 71 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። አየር በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን አየር ነው የሚተነፍሰው። ስለዚህ ፋብሪካው ከሰጠው ጉልበት ሩቡ ያህል ገና ከግቢ ሳትወጡ የለም። እሱን ማንም መካኒክ አይመልስላችሁም።

ሁለተኛው ጉዳት ግን ይመለሳል። ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ፣ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቆላም ሆነ ደጋ፣ በዚያችው ቀዳዳ ነዳጁን ያፈስሳል። አየሩ አንሶ ነዳጁ ብዙም ሳይቀንስ ሲቀር ቅልቅሉ ይወፍራል። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ሰነፍ ሞተር፤ ሁሉም ከዚህ ይመጣል። እኔ ሁለቱን ጉዳት አንድ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ሌላ ኢንጀክሽን ያለው መኪና የምትነዱ ሰዎች ይህን አንብባችሁ የምትፈቱት ብሎን ፍለጋ እንዳትገቡ። የእናንተ መኪና አየሩን በሴንሰር እየለካ ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል። የምጽፈው እንደኔ ካርቡሬተር ላለው ሰው ነው። የኔዋ ባለ 1.3 ሊትር ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ ሳትበልጥ አትቀርም።

ሰው ሞተሩን በትክክል ማስተካከል ሲፈልግ ዳይኖ ላይ ነው የሚያወጣው። መኪናው ሮለር ላይ ይቆማል፤ ጎማው ሮለሩን ሲያሽከረክር ማሽኑ ጉልበቱን ይለካል። ቀላሉ ዓይነት ምንም ተአምር የለውም። ክብደቱ የታወቀ ከባድ በርሜል ነው፤ ሞተሩ በርሜሉን ምን ያህል በፍጥነት እንዳፈጠነው አይቶ ጉልበቱን ያሰላል። ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የበራልኝ። ክብደቱ የታወቀ ነገርማ እኔም አለኝ። መኪናዋ ራሷ!

ማርሹ፣ መንገዱ፣ ጭነቱና የአየሩ ሁኔታ አንድ ከሆነ፣ ከ40 እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የፈጀችው ሰከንድ ጉልበቷን ይነግረኛል። ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሆነ አይነግረኝም፤ እሱ አያስፈልገኝም። ዛሬ ከትናንት ተሻለች ወይስ ባሰባት የሚለው ይበቃኛል። እንዲያውም ዳይኖ ላይ የሚሰጡት ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል አካባቢ አየር ተቀይሮ የተሰላ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ፈረስ ጣርማበር ላይ አብሯችሁ አይወጣም።

የቀረኝ የአየርና የነዳጁን ቅልቅል የሚለካው መሣሪያ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ አለው። ለሰርግ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ፤ ግን እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ ተመላሽ ነው። አራት ሰዓት። ዳይኖ የሚከራዩ ሰዎች በሰዓት ሲከፍሉ ምን እንደሚሰማቸው ያን ቀን ገባኝ።

ሰዓት አጭር ከሆነ ሥራው የሚጀምረው በዋዜማው ሳይሆን ከሳምንት በፊት ነው። እኔ የሠራሁትን ልንገራችሁ። የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ ቀየርኩ። ካንዴላዎቹን አዲስ አስገባሁ፤ ክፍተታቸውን 0.8 ሚሊሜትር አደረግኩ። ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያለውን ፑንቲና አጸዳሁ። የባልቦላዎቹን ክፍተት ሞተሩ ሙቅ እያለ መግቢያውን 0.20፣ መውጫውን 0.30 ሚሊሜትር አስተካከልኩ። የጎማ ነፋስ ሞላሁ። ፍሬን የያዘ ጎማ እንዳለ እያነሳሁ አሽከረከርኩ። ይህ ሁሉ «ማስተካከል» አይደለም፤ መኪናዋን ጤነኛ ማድረግ ነው። የታመመን ሞተር ለክታችሁ ብሎን ስታዞሩ የምታስተካክሉት በሽታውን ነው።

መሣሪያው ቅልቅሉን የሚለካው ጭሱ ውስጥ በሚገባ ሴንሰር ነውና፣ ለሴንሰሩም ከሞተሩ በሚወርደው የጭስ ቱቦ ላይ ነት አስበየድኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሰው ልኬ ከሁለት የተጣሉ ካርቡሬተሮች ላይ ጄት አስፈታሁ። ጄት የምላችሁ ነዳጁ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ብሎን ናት። የኔዋ ቀዳዳ 1.10 ሚሊሜትር ያህል ነበረች። 1.05 እና 1.02 የሚሆኑ አገኘሁ። ይቺ ልዩነት በዓይን አትታይም። ግን ነዳጅ የሚያልፈው በቀዳዳው ስፋት ነው፤ ስፋቱ ደግሞ ዲያሜትሩ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚሄደው። 1.02ዋ ከነባሯ በ14 በመቶ ገደማ ያነሰ ታሳልፋለች።

መንገዱንም ቀድሜ መረጥኩ። ከከተማው ወጥቶ ወደ ጉዶ በረት በሚወስደው አስፋልት ላይ ለስለስ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ዳገት አለ። ከሩቅ ይታያል፤ ቤትም መሻገሪያም የለውም። ደግሞ እሁድ ማለዳ ቅዳሴ ሳይወጣ መንገዱ ጭር ይላል። ጣርማበር ላይ ለምን አልሞከርክም ያለኝ ነበር። ጉሙና ጠመዝማዛው ባለበት፣ ዋሻው አፍ ላይ ከባድ መኪና ተደርድሮ ሰዓት ልይዝ? አይሞከርም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ደረስን። የኅዳር ብርድ ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ጋግሯል። ጓደኛዬ «የደብረ ብርሃን አረቄ እንዲህ ላለ ቀን ነው የተሠራው» አለ። ስቲሪንግ ለሚይዝ ሰው ግን ሻይ ነው የሚሆነው፤ በፔርሙስ ይዤ ነበር። ሞተሩ እስኪሞቅ 20 ደቂቃ ነዳን። ይህንን አትዝለሉ። ቀዝቃዛ ሞተር፣ ቀዝቃዛ ካምቢዮ ዘይት፣ ቀዝቃዛ ጎማ፤ ሁሉም ሰከንዱን ያበላሻሉ።

ከዚያ መሣሪያውን አበራን። ቁጥሩን ለማታውቁ፤ 14.7 ማለት ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ገባ ማለት ነው፤ ቤንዚኑ በሙሉ የሚቃጠልበት ልክ ነው። ከዚህ ካነሰ ቅልቅሉ ወፍሯል፤ ከበለጠ ሳስቷል። ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ትንሽ ወፈር ሲል፣ 12.5 እስከ 13 አካባቢ ነው።

እኔ 11 ምናምን ነበር የጠበቅኩት። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ያሳየኝ 16.8! ሳስቷል ይላል። ጥቁር ጭስ የምታጨስ መኪና!

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ እዚህ ሊሆን ነበር። ካቻቢቴ አንስቼ የሚኒሞውን የቅልቅል ብሎን ወደ ውፍረት ላዞር እጄን ሰደድኩ። ለካስ አብረውን የመጡት ሽማግሌው መካኒክ ያዩኛል። እኚህ ሰው በላዳ ዘመን ያደጉ ናቸው፤ መሣሪያውንም ከጀመርን ጀምሮ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት።

«አንተ ልጅ፣ ቆይ እስቲ። ካንዴላ አውጣ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሰዓት የለንም እኮ» አልኩ።

«ሰዓት ስለሌለ ነው አውጣ የምልህ።»

አወጣሁ። ሳምንት ያልሞላው ካንዴላ ጥላሸት ለብሷል። መሣሪያው ሳሳ ይላል፣ ካንዴላው ወፈረ ይላል። እሳቸው መልስ አልሰጡም። ጓንት አጥልቀው እጃቸውን በጭስ ቱቦው መገጣጠሚያ ዙሪያ አዞሩ። ከዚያ ጨርቅ ሰጥተውኝ የማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ጫፍ ለአንድ አፍታ እንዳፍን አደረጉ። መገጣጠሚያው ላይ ፍስ ፍስ የሚል ድምፅ ወጣ። በመገጣጠሚያው መሐል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ጭሱ የሚወጣው በልብ ትርታ ዓይነት፣ እየገፋና እየሳበ ነው። በሚስብበት ቅጽበት በተበላው ጓርኒሲዮን በኩል የውጭ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ያንን አየር ያይና «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ይናገራል። መሣሪያው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ብሎኑን አዙሬው ቢሆን ኖሮ የወፈረውን ይበልጥ እያወፈርኩ፣ ቀሪውን ሰዓት የራሴን ስህተት ሳሳድድ እውል ነበር።

ብሎኖቹን አጠበቅን፤ በተበላው ላይም ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ቀባን። እስኪደርቅ ስንጠብቅ 40 ደቂቃ ሄደ። ከአራት ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ! ዋዜማውን አንድ ጨርቅ ይዤ ብፈትሸው አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እናንተ ግን ሴንሰር ከማስገባታችሁ በፊት ቱቦው አየር እንደማያስገባ አረጋግጡ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

አሁን ቁጥሩ ትርጉም ያዘ። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጬ ዳገቱን ስወጣ 11.1 አሳየ። ጓደኛዬ የፍጥነት መለኪያውን በስልኩ ይቀርጻል፤ ሰከንዱን ኋላ ከቪዲዮው እንቆጥራለን። እየነዱ ስልክ ማየት የለም፤ ዳገቱ አናት ላይ ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ መኪና ሲመጣ እጁን ያነሳል። ሦስት ጊዜ ወጣሁ፤ 13.9፣ 13.6፣ 13.8። የመካከለኛዋን ያዝኩ፤ 13.8 ሰከንድ። መነሻዬ ይቺ ናት።

ሦስቴ ማድረጉ አሰልቺ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ብትለኩ፣ ነፋስ ስለመጣ የተገኘችውን ግማሽ ሰከንድ የእጃችሁ ሥራ አድርጋችሁ ትቆጥሯታላችሁ።

ቀጥሎ 1.02ዋን ጄት ማስገባት ነበር። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የካርቡሬተሩን ክዳን ስታነሱ ውስጡ ቤንዚን አለ፤ ከጎኑ ደግሞ የጋለ የጭስ ቱቦ። ሞተሩ እስኪበርድ 25 ደቂቃ ጠበቅን፤ የባትሪውን ገመድ ነቀልን፤ እሳት ማጥፊያ አጠገባችን አደረግን። ጓደኛዬ ሰዓቱን እያየ «ቶሎ በል» ይለኛል። ቶሎ የሚባልበት ሥራ አይደለም። ጄቷን ጣላችኋት ማለት ደግሞ ሣር ውስጥ ናስ ስትፈልጉ ዋላችሁ። እኔ ከሥር ነጠላ ዘርግቼ ነበር፤ እናቴ ስታነብ ይቅርታዋን እጠይቃለሁ።

ሞተሩን አሙቀን እንደገና ሦስት ጊዜ ወጣሁ። 12.9 አሳየ። ሰከንዱ 11.9 ሆነ። ከ13.8 ወደ 11.9! ጭሱ ጠፋ። ጋሼ ካንዴላውን አስወጥተው አዩትና ሳይናገሩ መለሱልኝ፤ ቡናማ ነበር። ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ጊዜ። የሞተሩን ፑሊ ምልክት ቀድሜ በጠመኔ አቅልሜው ነበር። ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደውን የአየር ቱቦ ነቅዬ ጫፉን ደፈንኩ፤ አለበለዚያ የምታዩት የተጨመረበት ቁጥር ነው። በሚኒሞ 8 ዲግሪ ላይ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ቅልቅሉ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ደጋ ላይ ብልጭታውን ትንሽ ማስቀደም ይረዳል። ወደ 11 አደረግኩት። 11.6 ሰከንድ። ጥሩ ነው። ሰዓቱ 4 ተኩል ሆኗል።

መቆም የነበረብኝ እዚህ ነው። ግን ግማሽ ሰዓት አለችኝ፤ ሰው ግማሽ ሰዓት እያለው እንዴት ይቆማል? ወደ 14 አደረግኩት። ሰከንዱ 11.6፣ 11.5፣ 11.7። ማለትም ምንም የለም። እኔ ግን ጆሮዬ «ቀለል ብላለች» አለኝና 14 ላይ ትቼው መሣሪያውን መለስኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ለሰከንድ ታምኜ፣ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ለጆሮዬ ታመንኩ።

በሳምንቱ ሸዋ ሮቢት አክስቴ ጋ ወረድኩ። ከደጋው ወርዶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው። ስወርድ ቁልቁለት ነውና ምንም አላወቅሁም። ስመለስ አክስቴ አንድ ኩንታል ሽንኩርትና ማሾ ጫነችብኝ። ከከተማው ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር፣ ጠጠር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ከኮፈኑ ሥር መጣ። ነዳጅ ስረግጥ ይመጣል፤ እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። የሙቀት መለኪያውም ወደ ላይ እያለ ነው።

ይህ ድምፅ ቀልድ አይደለም። ቅልቅሉ ብልጭታውን ተከትሎ በሥርዓት መንደዱን ትቶ፣ ከፊሉ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ጊዜ ፈነዳ ማለት ነው። ችላ ካላችሁት ፒስተን ይበሳል።

ጥላ ሥር አቁሜ አሰብኩ። እዚያ ታች አየሩ ወፍራም ነው። 12.9 ያልኩት ቅልቅል በሒሳብ ወደ 14 ገደማ ሳስቷል። በዚያ ላይ ወፍራም አየር ሲገባ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ሙቀቱ አለ፤ ጭነቱ አለ፤ ብልጭታውም ምንም ሳይጠቅመኝ ባስቀደምኩት ሦስት ዲግሪ ቀድሞ እየመጣ ነው። ካንዴላ አወጣሁ፤ ነጣ ብሏል። ሞተሩ ሲበርድ ዲስትሪቢውተሩን በግምት ትንሽ መለስኩትና በዝግታ፣ ማርሽ ቀነስ እያደረግኩ ተነሳሁ። አርማንያ አካባቢ ድምፁ አልፎ አልፎ ይሰማል። ደብረ ሲና ስደርስ ጨርሶ ጠፋ። ከፍታው በጆሮዬ ሲያስተምረኝ ዋለ።

አሁን መኪናዋ ላይ ያለችው 1.05 ጄት ናት፤ ታይሚንጉም 10 ዲግሪ ነው። በሒሳብ ደብረ ብርሃን ላይ 12.2 አካባቢ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 13 አካባቢ ትሆናለች። ያችኑ ዳገት በስልክ ቀርጬ ለካኋት፤ 12.0 ሰከንድ። ከምርጡ አራት አሥረኛ ሰከንድ ከፈልኩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ወርጃለሁ፤ አንዴም ሽንኩርት ጭኜ ነበር፤ ድምፁ አልተመለሰም። ከከተማ የማይወጣ ሰው ቢሆን 1.02ዋን ያስገባ ነበር። መሐል ሜዳና ሞላሌ ላይ ብቻ የሚመላለስም እንደዚያው። እንደኔ ደጋና ቆላ የሚል ሁሉ ግን ለቆላው ይፍራ።

ያልነካሁት ካርቡሬተሯ ላይ ያለውን ሁለተኛውን ጄት ነው። ጓደኛዬ ለፋሲካ መሣሪያውን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ የጊዜውን ነገር እንደተለመደው አላረጋገጠልኝም። እስከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝቼ አስገብቻለሁ። ጋሼም እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ፤ ሻዩን በሁለት ፔርሙስ ካመጣህ ብለዋል።